በልደት በዓል የሚሰደዱትን ማሰብ

በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 2 የሰብአ ሰገል ደስታና የሄሮድስ ሰይፍ አብረው ተጽፈዋል። ሕፃኑ ጌታችን ከእናቱ ከቅድስት ድንግል ማርያም ጋር ወደ ግብፅ ተሰደደ። ስለዚህ ስደትን ማሰብ ለልደት በዓል እንግዳ አይደለም።

ለጌታችን መጠጊያ በሆነችው በግብፅ የሚኖሩ ኦርቶዶክሳውያን ወንድሞቻችንም ልደትን እንደ እኛ ታኅሣሥ 29 ቀን ያከብራሉ። በ2002 ዓ.ም. የበዓሉ ሌሊት በናግ ሐማዲ ከተማ ምእመናን አስቀድሰው ሲወጡ ታጣቂዎች ተኩስ ከፍተው ስድስት ክርስቲያኖችን ገደሉ። በጥበቃ ላይ የነበረ አንድ ሙስሊምም አብሯቸው ሞተ።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ በዓላችን አንድ ነውና ኀዘናቸውም የእኛ ነው። ሁለተኛ፣ የዚያ ጠባቂ ሞት መታሰቢያችን በጎረቤት ላይ ቂም መቀስቀሻ እንዳይሆን ያስጠነቅቀናል። አበው «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ይላሉና።

ስለሆነም የተከበራችሁ ካህናትና የሰበካ ጉባኤ አባላት፣ በዘንድሮው ጾመ ነቢያት ስለ ተሰደዱት ሁሉ፣ ስለ አሳዳጆቻቸውም ልብ መመለስ የጸሎት መርሐ ግብር እንድታዘጋጁ፣ በአጥቢያችሁ ለተጠለሉ ተፈናቃዮችም ሃይማኖታቸውን ሳትጠይቁ የበዓሉን ማዕድ እንድታካፍሉ በአክብሮት እናሳስባለን።