ከሰማንያው በኋላ አሥር ቀን፤ ልጅ ከማስመዝገብዎ በፊት ማወቅ ያለብዎ

በአዴትና በዙሪያዋ ባሉት የይልማና ዴንሳ ቀበሌዎች የአራስ ቤት ቀን የሚቆጠረው በክርስትና ነው። ወንዱ በ40 ቀኑ፣ ሴቷ በ80 ቀኗ ትጠመቃለች። እስከዚያው ስም እንኳ አይረጋም። አያት በአንዱ ትጠራለች፣ አባት ሌላ ያስባል፣ ጎረቤት ደግሞ የራሱን ያወጣል። ቀበሌው ግን የራሱ ቆጠራ አለው። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760/2004 ልደት በ90 ቀን ውስጥ ይመዝገብ ይላል። እንግዲህ ያስሉት። ወንድ ከወለዱ ከክርስትናው በኋላ 50 ቀን ይተርፍዎታል፤ ሴት ከወለዱ 10 ቀን ብቻ። በእነዚያ አሥር ቀናት ደግሞ አጨዳው አለ፣ ገበያው አለ፣ የክርስትናው ድግስ ዕዳም አለ። ሴት ልጅ ከመዝገብ የምትቀርበት አንዱ መንገድ ይኸው ይመስለኛል፤ ማንም ሳይከለክላት፣ ቀኑ ብቻ አልፎባት።

ስለዚህ የመጀመሪያው ነገር፦ ክርስትናውን አይጠብቁ። መዝገቡ የሚፈልገው መጠሪያ ስሟን እንጂ የክርስትና ስሟን አይደለም። ሽማግሌውንም አያቲቱንም ቀደም ብለው ሰብስበው በአንድ ስም ይስማሙ። ቤት ውስጥ በሦስት ስም መጠራት ያምራል፤ መዝገብ ላይ ግን አንዱ ብቻ ይሰፍራል፣ ኋላ እለውጣለሁ ቢሉ ፍርድ ቤት ያስኬድዎታል።

የቀኑ ቆጠራ በእኛ አቆጣጠር ቀላል ነው። ወሩ ሁሉ 30 ስለሆነ መስከረም 12 የተወለደች ልጅ ጊዜዋ የሚሞላው ታኅሣሥ 12 ነው። ጳጉሜን ስትገባበት ግን ይጠንቀቁ፤ ሐምሌ 12 የተወለደ ልጅ ጥቅምት 12 ሳይሆን ጥቅምት 7 ላይ ነው የሚሞላው፤ ጳጉሜን 6 በምትሆንበት ዓመት ደግሞ ጥቅምት 6። እኔ የምመክረው በክትባት ማስታወስ ነው። የ45 ቀኑን ክትባት ሊያስከትቡ ሲወጡ በዚያው ወደ ቀበሌ ይለፉ። ያ ካመለጠ አሥረኛው ሳምንት ላይ ያለው ሁለተኛው ክትባት አለ። ሦስተኛውን ልጠብቅ ካሉ ግን እሱ 14ኛ ሳምንት ላይ ነው፤ 90ው አልፏል።

የት ነው የሚመዘገበው? ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ምጥ ጠንቶ ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል ቢወልዱም ልጁ የሚመዘገበው ወላጆቹ በሚኖሩበት ቀበሌ ነው። ከሆስፒታሉ ወይም ከጤና ጣቢያው ሳይወጡ የልደት ማሳወቂያውን ወረቀት ይጠይቁ፤ አንዴ ቤት ከገቡ በኋላ ለእሱ መመለስ ከባድ ነው። ቤት ውስጥ ከወለዱ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ያነጋግሩ። የክትባት ካርድም ሆነ የቤተ ክርስቲያን የክርስትና ካርድ የልደት ምስክር ወረቀት አይደሉም። ሁለቱም ይጠቅማሉ፣ ግን ቦታውን አይተኩም።

እናት አራስ ናት ብለው አይቆዩ። አባት ብቻውን መሄድ ይችላል፣ እናትም እንዲሁ። ወላጆች ከሌሉ አሳዳሪው፣ እሱም ከሌለ ልጁን የያዘው ሰው ያስመዘግባል። የሁለታችሁንም መታወቂያ ይያዙ። መንታ ከሆኑ እያንዳንዳቸው ለየብቻ ይመዘገባሉ። ጋብቻ የለም ብላ የምታፍር እናት ካለች ልጇ የመመዝገብ መብት እንዳለው ይንገሯት፤ የአባትነቱ ጉዳይ በመቀበል ወይም በፍርድ ቤት የሚታይ ነው።

አሁን ወደ ጠረጴዛው ደርሰዋል። የክብር መዝገብ ሹሙ (አዎ፣ የሹመቱ ስም ይህ ነው፤ ልብ ያሞቃል) ጽፎ ሲጨርስ እስክሪብቶውን ያቀብልዎታል። ከመፈረምዎ በፊት ያንብቡ፤ ካልቻሉ ፊደል የቆጠረ ልጅ ይዘው ይሂዱ። የልጁ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም፣ ሦስቱም በየፊደላቸው። አባትየው መታወቂያው ላይ «ኃይሉ» ከሆነ መዝገቡ ላይ «ሀይሉ» እንዳይሆን። ሲነበብ አንድ ነው፤ ፓስፖርት ለማውጣት ሲሄዱ ግን ሁለት ሰው ነው ሊባሉ ይችላሉ።

የልደት ቀኑ ላይ ትንሽ ልቆይ። እናቴ የእኔን ልደት ስትናገር «ጤፍ ሲታጨድ፣ ጥቁሯ ላም በወለደች ሰሞን» ትላለች። ትምህርት ቤት ስገባ መምህሩ ቁመቴን አይተው መስከረም 1 ብለው ጻፉልኝ፤ ከእኔ ጋር የክፍሉ ግማሽ መስከረም 1 ተወለደ። ለወንድ ልጅ ይህ ቀልድ ነው። ለሴት ልጅ አይደለም። የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 79/1995፣ ጋብቻ ከ18 ዓመት በታች አይፈጸምም ይላል፤ ወረቀት የሌላት ልጅ ግን ዕድሜዋን የሚናገርላት ቁመቷና ድግስ ያሰናዳው ቤተሰብ ነው። በ1996 በክልላችን በሞሰቦ የተጀመረው ብርሃነ ሔዋን የሚባለው ፕሮግራም ልጃቸውን ሳይድሩ ለቆዩ ቤተሰቦች በግ ይሰጥ ነበር። መልካም ነው። የልደት ምስክር ወረቀት ግን ከበግ በላይ ይቆያል። ዓረብ አገር እንድትሄድ ዕድሜ ጨምሩላት የሚል ዘመድ ከመጣም መልሱ ያው መዝገቡ ነው።

አላስመዘገብሁም ብለው የሚያፍሩ ካሉ ብቻዎን አይደሉም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በ1952 ስለ ክብር መዝገብ ቢደነግግም ያ ክፍል ሥራ ላይ ሳይውል ቆየ፤ በአገር አቀፍ ደረጃ ምዝገባው የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ነው። በዚያው ዓመት በተደረገው የሕዝብና ጤና ዳሰሳ ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑ 100 ሕፃናት የተመዘገቡት 3 ያህሉ ብቻ ነበሩ። 90 ቀን ካለፈ እስከ አንድ ዓመት የዘገየ ምዝገባ ይባላል፤ ከዓመት በኋላ ደግሞ ጊዜ ገደቡ ያለፈበት። በሩ አይዘጋም፣ ማስረጃውና ምልልሱ ይበዛል እንጂ። ከ2015 መጨረሻ ወዲህ ባለው ግጭት የቀበሌው ጽሕፈት ቤት ተዘግቶ ቀኑ ያለፈብዎ ከሆነ የልደት ማሳወቂያውን ወረቀት አይጣሉ፣ ወረዳውን ይጠይቁ። መንገድ ከመጀመርዎ በፊትም ሹሙ መኖሩንና ቅጹ አለማለቁን ደውለው ያረጋግጡ፤ ሁለት ሰዓት በእግር ተጉዞ «ቅጽ የለም» መባል ያናድዳል።

ወረቀቱን ሲይዙ ወደ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ጎራ ይበሉ፤ ሦስት አራት ኮፒ ያስነሱ፤ ባለሱቁ «ላሚኔት ላድርግልዎ?» ቢል እምቢ ይበሉ። በፕላስቲክ የታሸገ ወረቀት ላይ ነገ ማኅተም አይመታበትም። ዋናውን ሳጥን ውስጥ ያስቀምጡ፣ ወረቀቱን ሲጠየቁ ኮፒውን ይስጡ።