የሚለቅ ማሰሪያ፦ ከበረዶ ሸርተቴ ወደ ማሽን ጥገና

የቁልቁለት በረዶ ሸርተቴ ማሰሪያ ሁለት ተግባር አለው፤ ጫማን አጥብቆ መያዝና አደገኛ ኃይል ሲመጣ መልቀቅ። በ2006 እ.ኤ.አ. በቶሪኖ የክረምት ኦሊምፒክ ኢትዮጵያን የወከለው ሮቤል ተክለማርያም የተወዳደረበት የአገር አቋራጭ ሸርተቴ ግን ተረከዝን ነጻ ይተዋል።

የቁልቁለቱ ማሰሪያ የመልቀቂያ ልክ በተንሸራታቹ ክብደት፣ ቁመት፣ ዕድሜ፣ የአነዳድ ስልትና በጫማው ሶል ርዝመት ይወሰናል። ከላላ ያለ ምክንያት ይፈታል፤ ከጠበቀ ጠምዛዡ ኃይል ወደ ቅልጥምና ጉልበት ይተላለፋል። ስለዚህ የሠለጠነ ባለሙያ አስተካክሎ በመለኪያ መሣሪያ ሊፈትሸው ይገባል።

በድሬዳዋ ለሚሠራ የጥገና ባለሙያም መርሁ ያው ነው፦ ከመጠን ያለፈ ጭነት ሲመጣ የሚለቅ የማሽን ክላች ደጋግሞ ከለቀቀ፣ ከማጥበቅ በፊት ማሽኑን አጥፍቶ የጭነቱን ምንጭ መመርመር፣ ልኩንም ከአምራቹ መመሪያ ጋር ማመሳከር ያስፈልጋል።