ጎርፍና ናዳ ሲመጣ ውሻና ድመትን ይዞ ለመውጣት

ደሴ ከጦሳ ተራራ ሥር ተዳፋት ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት፤ ክረምት ሲበረታ መሬቷ ይንሸራተታል። ኮምቦልቻ ደግሞ ቦርከና ሲሞላ ጎርፉን ከታች ሆና ትቀበላለች። ሰው በሌሊት ነፍሱን ይዞ ሲወጣ ግቢ ጠባቂው ውሻ በሰንሰለቱ ይቀራል። ትዝ ብሎት ሊፈታው የሚመለስ ሰው የራሱንም ሕይወት አደጋ ላይ ይጥላል። እ.ኤ.አ. በ2005 ካትሪና የተባለው አውሎ ነፋስ አሜሪካን ሲመታ፣ እንስሶቻችንን ጥለን አንወጣም ያሉ ሰዎች በጎርፍ ተከበው ቀርተዋል። በዓመቱ የአደጋ ጊዜ ዕቅድ የቤት እንስሳትንም እንዲያካትት በሕግ ተደነገገ። እንስሳቱን አስቀድሞ ማሰብ ሰውንም ማዳን ነው።

1. ሰኔ ሳይገባ ያስከትቡ። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በየዓመቱ ይታደሳል። ካርዱን ከመታወቂያዎ ጋር በፌስታል ጠቅልለው ያስቀምጡ፤ ያልተከተበ ውሻ ይዞ የመጣን ማንም ደስ ብሎት አያስጠጋም።

2. አደራ የሚቀበል ሰው ይያዙ። ከወንዙም ከተዳፋቱም ራቅ ያለ ቤት ካለው ዘመድ ወይም ወዳጅ ጋር ዛሬውኑ ይነጋገሩ። ደሴንና ኮምቦልቻን የሚያገናኘው የሐረጎ መንገድ በናዳ ሊዘጋ ስለሚችል ሰውየው እዚያው ከተማዎ ውስጥ ቢሆን ይመረጣል። ውሻ የሚጭንልዎ ባጃጅም ቀድመው ያነጋግሩ።

3. ዕቃውን በር አጠገብ ያኑሩ። ለውሻው የአንገት ማሰሪያና ጠንካራ ገመድ ያዘጋጁ። ማሰሪያው ሁለት ጣት የሚያስገባ ይሁን፤ ከጠበበ ያንቀዋል፣ ከሰፋ ሾልኮ ያመልጣል። ለድመቷ ክዳኑ የሚታሰር ቅርጫት ያስፈልጋል። ከወዲሁ ቤት ውስጥ ያስቀምጡትና ትተኛበት፤ የለመደችው ቅርጫት ውስጥ በድንጋጤ ጊዜም ትገባለች። ለስንቅ የእንጀራ ድርቆሽ ጥሩ ነው፤ ሳይበላሽ ይቆያል፣ በውሃ አርሰው ይሰጧቸዋል።

4. ምልክት ሲያዩ ሳይመሽ ይውጡ። የሜትዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ከባድ ዝናብ ይመጣል ሲል፣ መሬት ወይም ግድግዳ ሲሰነጠቅ፣ በር አልገጥም ሲል፣ የመብራት ምሰሶ ሲያዘነብል፣ የጠራ ምንጭ ሲደፈርስ አይጠብቁ። ድመት ስትደነግጥ አልጋ ሥር ስለምትሸሸግ መጀመሪያ እሷን ይያዙ። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና።

5. ይዘው መውጣት ካልቻሉ ይፍቱ። ሰንሰለቱን ያውልቁ፣ የግቢውን በር ወለል አድርገው ይክፈቱ፣ ድመቷንም ክፍል ውስጥ አይዝጉባት። የተፈታ ውሻ ዋኝቶም ወጥቶም ራሱን ሊያድን ይችላል፤ የታሰረ ግን ዕድል የለውም። ከወጡ በኋላ አይመለሱ፤ እንስሳቱ የት እንደቀሩ ለነፍስ አድን ሠራተኞች ይናገሩ።

6. አካባቢው ደኅና ነው ሲባል የቀሩትን እንስሳት ከቤትዎ ጀምረው ይፈልጉ። ብዙ እንስሳት ወደሚያውቁት ደጅ ይመለሳሉ። የደነገጠ ውሻ የገዛ ጌታውንም ሊነክስ ስለሚችል በስሙ እየጠሩ ቀስ ብለው ይቅረቡት። ከነከስዎ ቁስሉን በሳሙናና በውሃ 15 ደቂቃ ይጠቡና ወዲያው ጤና ተቋም ይሂዱ፤ የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ ፈውስ የለውም።

7. ጉዳዩን ለቀበሌዎ ያቅርቡ። መጠለያ ሲመረጥ እንስሳት የሚታሰሩበት ጥግ እንዲለይ ይጠይቁ። የወሎ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት እዚሁ ደሴ ነውና ባለሙያዎቹ በዕቅዱ እንዲያግዙ ይጋበዙ። ዓመቱን ሙሉ ደጃችንን ሲጠብቅ የኖረን ውሻ በክፉ ቀን መጠበቅ የእኛ ተራ ነው።