ሣሩን የሚጠብቀው ማን ነው? (ከመንዝ ጓሳ የምንማረው)



ስለ እርሻ፣ ስለ ግጦሽና ስለ ዱር አራዊት ስንነጋገር ቶሎ ከአንደበታችን የሚወጣው «መንግሥት ምን አደረገ?» የሚለው ጥያቄ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። የገበሬውን ማሳ፣ የመንደሩን መስክና የተራራውን ደን የሚመለከተውን ሕግ የሚያወጣው መንግሥት ነውና። ሆኖም ከዚህ ጥያቄ ጋር አብሮ ሊነሣ የሚገባው ሌላ ጥያቄ አለ። ይኸውም «ሕጉ ከወጣ በኋላ በቦታው ቆሞ የሚጠብቀው ማን ነው?» የሚለው ነው። በዚህ ጽሑፍ ይህን ሁለተኛውን ጥያቄ በአንድ የአገራችን ምድር ታሪክ፣ በመንዝ ጓሳ ታሪክ እንመረምራለን።

ጉዳዩ ለእኛ ጉባኤ እንግዳ አይደለም። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 20 ላይ ከተማ የከበበ ሠራዊት እንኳ የፍሬ ዛፎችን በመጥረቢያ እንዳይጨርስ ተከልክሏል። በምዕራፍ 22 የወፍ ጎጆ ያገኘ ሰው እናቲቱን ከጫጩቶቿ ጋር አንድ ላይ እንዳይወስድ ታዝዟል። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 25 ደግሞ ምድር በየሰባት ዓመቱ እንድታርፍ ተደንግጓል። ሦስቱም ሕጎች በምድር ፍሬ መጠቀምን አልከለከሉም። የከለከሉት ለነገ ሳያስቀሩ መጠቀምን ነው።

ሀ. ጓሳ ምንድን ነው?

ጓሳ በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ የሚገኝ ብርዳማ ደጋ ነው። ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር፣ ስፋቱም 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ስሙን ያገኘው በላዩ ከሚበቅለው ሣር ነው። የመንዝ ሰው በጓሳ ሣር ቤቱን ይከድናል፣ ገመድ ይገምዳል፣ ከዝናብ የሚከላከልበትን ገሳ ይሠራል። በዚያው ምድር የሚበቅለው ጨረንፌ የተባለው ቁጥቋጦ ማገዶ ይሆነዋል። ገብሱ በውርጭ ሲመታ ወይም ዝናብ ሲዘገይ ከብቱና በጉ የሚተርፈው በዚህ ሣር ነው። ስለዚህ ጓሳ ለመንዝ ገበሬ ለክፉ ቀን የተቀመጠ ጎተራ ማለት ነው።

ምድሩ ውኃም ይይዛል። ከጓሳ ጉባ በምሥራቅ የሚወርደው ውኃ ወደ አዋሽ ተፋሰስ፣ በምዕራብ የሚወርደው ወደ ዓባይ ተፋሰስ ይሄዳል። የጓሳን ሣር መጠበቅ እንግዲህ ጓሳን አይቶ የማያውቀውን የቆላ ሰው ጭምር መጥቀም ነው።

ለ. የአባቶች ሥርዓት

የአካባቢው ሰዎች እንደሚተርኩት ጓሳን ለይተው ያስጠበቁት አስቦና ጌራ የተባሉ የመንዝ ቀደምት አባቶች ናቸው። ሥርዓቱ ቄሮ ይባል ነበር፤ ዕድሜውም በመቶ ዓመታት የሚቆጠር ነው። የአባቶቹ ዘሮች አለቃ ይመርጣሉ፣ አለቃውም ጠባቂዎችን ያሰማራል። ሣሩ በቂ ሆኖ እስኪያድግ ድረስ ምድሩ ይዘጋል፤ መዘጋቱም እንደ ሣሩ ሁኔታ እስከ ሦስት፣ አንዳንድ ጊዜም እስከ አምስት ዓመት ይደርስ ነበር። ችግር ሲጠና ግን ሽማግሌዎች መክረው ይከፍቱታል።

ሲከፈት መጀመሪያ ሣሩ ይታጨዳል፣ ከብት የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። ክረምቱ ሲገባም እንደገና ይዘጋል። የመዝጊያው ቀን በሐምሌ አቦ፣ ማለት ሐምሌ 5 ቀን፣ ሕዝቡ ተሰብስቦ የሚያውጀው ነበር። እዚህ ላይ ልብ እንበል! ቤተ ክርስቲያን በዚህ ሥርዓት ውስጥ ትልቅ ድርሻ ነበራት። ማንበብ የማይችለው ገበሬ እንኳ የበዓሉን ቀን ያውቃል። በበዓል ቀን፣ በካህናትና በሽማግሌዎች ፊት የተነገረ ክልከላም በቀላሉ አይጣስም። የጣሰውም ጠንካራ ቅጣት ይጠብቀዋል።

ይሁን እንጂ ሥርዓቱን ያለ ነቀፋ እንደ ነበረ አድርገን ማቅረብ የለብንም። በጓሳ የመጠቀም መብት የነበረው ዘሩን እስከ አስቦ ወይም እስከ ጌራ መቁጠር የሚችለው ሰው ብቻ ነበር። ዘሩን መቁጠር ያልቻለው ጎረቤት በዚያው ብርድ እየኖረ፣ በዚያው ድርቅ እየተጎዳ፣ ሣሩን ከሩቅ ያይ ነበር። ሥርዓቱ ሣሩን በሚገባ ጠበቀ፤ ለሰው ሁሉ ግን እኩል ፍርድ አልሰጠም።

ሐ. የ1967 ዓ.ም. አዋጅ

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት የሚያደርገው አዋጅ ቁጥር 31 ታወጀ። አዋጁ የጭሰኝነትን ቀንበር ሰበረ፤ አንድ ቤተሰብ ሊይዝ የሚችለውን መሬት ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ወሰነ፤ የገበሬ ማኅበራት እንዲቋቋሙ አደረገ። በተለይ በደቡቡ የአገራችን ክፍል ከምርቱ ከፍ ያለውን እጅ ለባለመሬት ይገብር ለነበረው ጭሰኛ ይህ ትልቅ ነፃነት ነበር። ማንም ፍትሕን የሚወድድ ሰው ይህን መካድ አይችልም።

በጓሳ ግን አዋጁ ሌላ ውጤትም አስከተለ። በዘር ላይ የቆመው መብት ሲሻር፣ በዚያው መብት ላይ የቆመው ጥበቃም አብሮ ወደቀ። አለቃው ሥልጣን አጣ፤ የመዝጊያው ቀንም ኃይሉን አጣ። በዙሪያው ያሉ የገበሬ ማኅበራት ሁሉ ምድሩን ሊጠቀሙበት ቻሉ። ትናንት የተከለከለው ጎረቤት መብት ማግኘቱ ተገቢ ሆኖ ሳለ፣ «መቼ ይታጨዳል? ስንት ከብት ይገባል? መቼ ይዘጋል?» ብሎ የሚወስን አካል በቦታው አልተተካም። ሁሉም ባለ መብት ሲሆን ጠባቂው ጠፋ። ዛሬ እኔ ካላጨድኩ ነገ ሌላው ያጭደዋል የሚል ሐሳብ በሰው ልብ ከገባ ደግሞ ሣር አያድግም።

የዚህ ጽሑፍ ፍሬ ነገር እዚህ ላይ ነው። አዋጁ የበደለን ሥርዓት ማስወገዱ ትክክል ነበር፤ ጉድለቱ በበደሉ ውስጥ የነበረውን መልካም ሥራ፣ ማለት ጥበቃውን፣ ለይቶ ለሌላ እጅ አለማስረከቡ ነው። እንክርዳድ ሲነቀል ስንዴውም አብሮ እንዳይነቀል የተሰጠንን ምሳሌ ሁላችንም እናውቀዋለን።

መ. ከሣሩ ጋር የሚጠፋው

ሣር ሲጠፋ የሚጠፋው የቤት ክዳን ብቻ አይደለም። በጓሳ ሣር ሥር ልዩ ልዩ የአይጥ ዓይነቶች ይኖራሉ። ቀይ ቀበሮ የሚመገበው እነርሱን ነው። ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ በቀር በየትም አገር የማይገኝ አውሬ ሲሆን፣ በአሁኑ ጊዜ ያለው ቁጥር ከ500 አይበልጥም ተብሎ ይገመታል። የሚያሰጉት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ እርሻ ወደ ላይ እየገፋ መኖሪያውን መውሰዱና ከመንደር ውሾች የሚተላለፍበት የእብድ ውሻ በሽታ።

በጓሳ ከቀይ ቀበሮ ጋር ጭላዳ ዝንጀሮም ይኖራል፤ እርሱም የኢትዮጵያ ብቻ ነው። ተመራማሪዎች በዚያ ያዩት ነገር ያስደንቃል። ቀይ ቀበሮ በጭላዳዎች መንጋ መካከል ሆኖ አይጥ ሲያድን ከ100 ሙከራ በ67ቱ ይሳካለታል፤ ብቻውን ሲያድን ግን የሚሳካለት በ25ቱ ብቻ ነው። ጭላዳዎቹም ከአጠገባቸው ሲያልፍ አይሸሹም፤ እርሱም ግልገሎቻቸውን አይነካም። አንዱ ፍጥረት በሌላው መኖር እንዴት እንደሚጠቀም ከዚህ የተሻለ ማስረጃ መፈለግ አያሻም። ይህ ሁሉ የቆመው ግን በሣሩ ላይ ነው።

ሠ. ሌላው መንገድ፤ የስሜን ተራሮች

መንግሥት ጥበቃን ሙሉ በሙሉ በራሱ እጅ ሲይዝስ ምን ይሆናል? የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው። ዋናው ዓላማ ዋልያን መጠበቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። ነገር ግን በፓርኩ ውስጥና በዙሪያው ለብዙ ዘመን የኖረ ገበሬ አለ። ገብሱን የሚዘራው፣ ከብቱን የሚያሰማራው እዚያው ነው። ሕጉ ይህን ሰው ጠባቂ አድርጎ ሳይሆን እንደ ወራሪ ቆጥሮት ለብዙ ዓመታት ሲጋጩ ኖሩ። እ.ኤ.አ. በ1996 ፓርኩ በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገባ። የግጭ መንደር ነዋሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ወደ ደባርቅ አካባቢ ተዛወሩ፤ በተከታዩ ዓመት በ2017 ፓርኩ ከአደጋው መዝገብ ወጣ።

መዝገቡ ተስተካከለ። የአባቶቹን መሬት ለቆ በከተማ ዳር አዲስ ኑሮ መጀመር ግን ለአንድ ገበሬ ቀላል ነገር አይደለም። አውሬው ሲተርፍ ሰው እንዳይጎዳ፣ ሰው ሲጠቀም አውሬው እንዳይጠፋ የሚያስብ ሕግ ያስፈልጋል።

ረ. ጓሳ እንደገና

በመንዝ ያለው ሕዝብ ግን እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ቄሮን እንደ ነበረ መመለስ አልተቻለም፤ መመለስም አልነበረበትም። በምትኩ ሁላችንም በምናውቀው በዕድር መልክ የተዋቀረ ጥበቃ አቋቋመ። የዙሪያው ቀበሌዎች ተወካዮቻቸውን ይመርጣሉ፤ ኮሚቴው የመዝጊያውንና የማጨጃውን ጊዜ ይወስናል፤ ጠባቂዎችም ከዚያው ሕዝብ ይመደባሉ። በዚህ ጊዜ መብቱ በዘር ሐረግ ሳይሆን በነዋሪነት ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ የአማራ ክልል ጓሳን የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ አድርጎ በሕግ አጸናው።

እንግዲህ ቅደም ተከተሉን አስተውሉ። መጀመሪያ ጥበቃ ያለ እኩልነት ነበር። ቀጥሎ እኩልነት ያለ ጥበቃ መጣ። በመጨረሻ ሕዝቡ ሁለቱን ለማገናኘት ሞከረ፤ መንግሥትም ሕዝቡ የጀመረውን በሕግ ደገፈ። ሕግ ያለ ጠባቂ ወረቀት ነው፤ ጠባቂም ያለ ሕግ ጉልበተኛ በመጣበት ቀን ይሸነፋል።

ሰ. ይህ እኛን እንዴት ይመለከተናል?

አንደኛ፣ የቤተ ክርስቲያኖቻችን ቅጥር ደኖች ለዚህ ትምህርት ሕያው ምሳሌ ናቸው። በደቡብ ጎንደርና በጣና ዙሪያ ሜዳው ሁሉ ታርሶ ሳለ ከሩቅ የሚታየው አረንጓዴ ክብ የደብር ደን ነው። ዛፉ የቆመው የሚያከብረው ሕዝብና የታወቀ ወሰን ስላለው ነው። በአንዳንድ ቦታ ሕዝቡና ካህናቱ ደኑን በድንጋይ ካብ አጥረው ከብት እንዳይገባ አድርገዋል። ድንጋዩ የተገኘው ከገበሬው ማሳ ተለቅሞ ስለሆነ ማሳውም ተጠቀመ።

ሁለተኛ፣ መትከልና መጠበቅ የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸውን እንወቅ። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት አስታውቋል። ችግኝ የሚተከለው በአንድ ቀን ነው፤ የሚጸድቀው ግን በሚቀጥሉት በጋዎች ውኃ የሚያጠጣውና ከፍየል የሚጠብቀው ሰው ሲኖር ነው። በ1970ዎቹ በድርቅ በተጎዱ ተራሮች ላይ በምግብ ለሥራ ብዙ እርከን ተሠርቶ፣ ብዙ ዛፍ ተተክሎ ነበር። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ግን በብዙ ቦታ ዛፉ ተቆረጠ። ሕዝቡ ዛፉን የመንግሥት እንጂ የራሱ አድርጎ አላየውም ነበርና።

ሦስተኛ፣ ከመካከላችን ነገ የግብርና ባለሙያ፣ የሕግ አርቃቂ፣ የወረዳ ሹም የሚሆን አለ። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456 ተዳፋቱ ከ60 በመቶ በላይ የሆነ መሬት እንዳይታረስ ደንግጎ ነበር። ይህን አንቀጽ በክፍል ውስጥ ማጥናት ቀላል ነው። ሌላ መሬት የሌለውን ገበሬ ፊት ለፊት ቆሞ «ይህን አትረስ» ማለት ግን ከባድ ነው። ባለሙያው «ታዲያ ልጆቼ ምን ይብሉ?» ለሚለው መልስ ይዞ መሄድ አለበት፤ የከብት መኖ፣ የፍራፍሬ ዛፍ፣ ንብ ማነብ። መልስ የሌለው ክልከላ በሌሊት ይጣሳል።

ስለዚህ ወንድሞችና እኅቶች፣ «መንግሥት ምን አደረገ?» ብለን መጠየቃችንን ሳንተው፣ «በአጥቢያችን ያለውን ዛፍ፣ ምንጭና መስክ የሚጠብቀው ማን ነው?» ብለን እንጨምር። ስሙን መጥራት ካልቻልን ጠባቂ የለውም ማለት ነው። ያን ጊዜ ሥራው የእኛ ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በቄሮ ሥርዓት ውስጥ መልካምና መልካም ያልሆነው ምን ነበር? ለይታችሁ ተናገሩ።
2. የ1967 ዓ.ም. አዋጅ ፍትሕን ሳይተው ሣሩንም እንዲያስጠብቅ ምን ቢጨመርበት ይሻል ነበር?
3. ከጓሳና ከስሜን የትኛው መንገድ ለአካባቢያችሁ ይስማማል? ምክንያታችሁን ስጡ።
4. በአጥቢያችን ቅጥር ያሉትን ዛፎች ቆጥራችሁ፣ ባለፈው ክረምት ከተተከሉት ስንቱ እንደጸደቀ በሚቀጥለው ጉባኤ አቅርቡ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር