«ከመጣህ ስንት ጊዜ ሆነህ?» ለሚለው ጥያቄ በእንግሊዝኛ መመለስ

ለሥራ ቃለ መጠይቅ ወይም ለአሜሪካ ዜግነት የቀረበ ሰው ስለ ቆይታ መጠየቁ አይቀርም። እዚህ አድራሻ ስንት ጊዜ ኖርክ? እዚህ መሥሪያ ቤት ስንት ዓመት ሆነሽ? ለዜግነት የሚያመለክት ሰው በመደበኛው መንገድ ግሪን ካርድ ከያዘ አምስት ዓመት፣ ከአሜሪካዊ የትዳር ጓደኛው ጋር የሚኖር ደግሞ ሦስት ዓመት ሊሞላው ይገባል። እንዲህ ባለ ቦታ የቆይታ መልስ ጉዳዩን ራሱን ይነካል፤ ስለዚህ ግሱን በጥንቃቄ መምረጥ ያስፈልጋል።

አንድ ሰው «አይ አም ሊቪንግ ሂር ፎር ሲክስ ይርስ» ቢል ሰዋስው አፍርሷል፣ ጠያቂው ግን ሐሳቡን ይረዳለታል። «አይ ሊቭድ ሂር ፎር ሲክስ ይርስ» ካለ ግን ዓረፍተ ነገሩ ምንም እንከን የለውም፤ ጠያቂው የሚሰማው «ስድስት ዓመት ኖሬ ለቅቄያለሁ» የሚል ነው። እኔ ይበልጥ የምፈራው ይህንን ሁለተኛውን ነው፣ ምክንያቱም ስሕተት ስለማይመስል ማንም አያርመውም።

ስለዚህ አፍ ከመክፈት በፊት የመጀመሪያው እርምጃ አንድ ጥያቄ ለራስ ማቅረብ ነው፦ ነገሩ አሁንም አለ ወይስ አብቅቷል? ካበቃ ፓስት ሲምፕል ይበቃል፦ «አይ ዎርክድ ኢን ዱባይ ፎር ስሪ ይርስ»፣ ሦስት ዓመት ዱባይ ሠራሁ፣ ከዚያ ወጣሁ። ነገሩ ትናንት ጀምሮ እስከዚህ ደቂቃ ከዘለቀ ግን ፕረዘንት ፐርፌክት የግድ ነው፦ «አይ ሃቭ ዎርክድ ሂር ፎር ስሪ ይርስ»። በሁለቱ መካከል ያለችው «ሃቭ» ብቻ ናት። በፈጣን ንግግር ደግሞ «አይቭ» ተብላ ትዋጣለች፤ በቃለ መጠይቅ ላይ «አይ ሃቭ» ብሎ ሙሉውን ማሰማት ነውር የለውም።

እዚህ ላይ አማርኛችን ሁለት ቦታ ያሳስተናል። አንደኛው በትምህርት ቤት የተማርነው ነው። ፕረዘንት ፐርፌክት «ሠርቻለሁ፣ ኖሬያለሁ» ማለት ነው ተብለን አድገናል። ነገር ግን ከአዲስ አበባ ከወጣ ዓመታት ያለፉት ሰው «አዲስ አበባ አሥር ዓመት ኖሬያለሁ» ቢል አማርኛው ልክ ነው። ያንኑ ወደ «አይ ሃቭ ሊቭድ ኢን አዲስ አበባ ፎር ቴን ይርስ» ከቀየረው ግን ዛሬም አዲስ አበባ እንደሚኖር ተናገረ። ሁለተኛው «ከመጣሁ አምስት ዓመቴ ነው» የምንለው ነው። «ነው» የአሁን ስለሆነ እጃችን «አም» እና «ኢዝ» ላይ ያርፋል። የዚህ ትክክለኛ አቻ «ኢት ሃዝ ቢን ፋይቭ ይርስ ሲንስ አይ ኬም» ነው። «ሃዝ ቢን» በ«ነው» ቦታ ገብቷል፣ መምጣቱ ደግሞ በፓስት ሲምፕል ቆሟል።

ቀጥሎ የሚመጣው «ፎር» እና «ሲንስን» መለየት ነው። የጊዜው መጠን ከተነገረ «ፎር»፦ ሁለት ሰዓት፣ ሦስት ሳምንት፣ አሥር ዓመት፣ ረጅም ጊዜ። የተጀመረበት ነጥብ ከተነገረ «ሲንስ»፦ ሰኞ፣ መጋቢት፣ 2019፣ ልጄ ከተወለደች። «ከሦስት ዓመት ጀምሮ» ስለምንል «ሲንስ ስሪ ይርስ» ማለት ይቀናናል፤ ሦስት ዓመት ግን መጠን እንጂ ነጥብ አይደለም። ከ«ሲንስ» ቀጥሎ የሚመጣው ነገር በቀን መቁጠሪያ ወይም በሰዓት ላይ በጣት ሊነካ የሚችል መሆን አለበት።

በጣት ሲነካ ደግሞ በየትኛው ቀን መቁጠሪያ እንደሆነ ማረጋገጥ የእኛ ተጨማሪ ሥራ ነው። በመስከረም 2010 ሥራ የጀመረ ሰው «ሲንስ 2010» ቢል ሰባት ዓመት ያልሠራውን ልምድ ጨመረ፤ ማስረጃው ላይ የተጻፈው 2017 ከሆነ ዋሸ ተብሎ ሊጠረጠር ይችላል። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ላለው ጊዜ ሰባት፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜ ስምንት መደመር ነው። በሰኔ 2010 የጀመረ «ሲንስ ጁን 2018» ይላል። ሰዓትም እንደዚሁ፤ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ወረፋ የያዘ ሰው «አይ ሃቭ ቢን ዌይቲንግ ሲንስ ኤይት» ማለት አለበት። በደንብ የሚናገሩ ሰዎች እንኳ ሲቸኩሉ እዚህ ላይ ይሰናከላሉ፤ ስለዚህ ከቃለ መጠይቅ በፊት ዋና ዋና ቀኖችን ቀይሮ በወረቀት ላይ መያዝ ብልህነት ነው።

«አጎ» ያለበትን ዓረፍተ ነገር ግን ከዚህ ሁሉ አርቁት። «ከአምስት ዓመት በፊት መጣሁ» የመምጣቱን ቅጽበት እንጂ ቆይታን አይናገርም፤ «አይ ኬም ፋይቭ ይርስ አጎ» ነው፣ «ሃቭ» አይገባበትም።

አሁን ግሱን መመርመር ይቀራል። መጠበቅ፣ ማጥናት፣ መፈለግ፣ ዝናብ መዝነብ፣ እንዲህ ያሉ ሲሠሩ የሚቆዩ ድርጊቶች ኮንቲኒየሱን ይወዳሉ፦ «አይ ሃቭ ቢን ስተዲንግ ኢንግሊሽ ፎር ቱ ይርስ»። መኖር፣ መሥራትና ማስተማር በሁለቱም ይሄዳሉ፤ «ሃቭ ሊቭድ» ብትሉም «ሃቭ ቢን ሊቪንግ» ብትሉም ትክክል ናችሁ። ማወቅ፣ ባለቤት መሆን፣ መውደድ፣ ማመን ግን ሁኔታ ስለሆኑ ኮንቲኒየስ አይቀበሉም። ጓደኛችሁን ከልጅነት ካወቃችሁት «አይ ሃቭ ኖውን ሂም ሲንስ ቻይልድሁድ» በሉ፤ «ሃቭ ቢን ኖዊንግ» የሚል ነገር የለም።

ሌላ ቡድን አለ፣ ብዙ ሰው የማያስተውለው። መምጣት፣ ማግባት፣ መሞት፣ ሥራ መጀመር በአንድ ቅጽበት የሚያልቁ ናቸው፤ አይቆዩም። የሚቆየው ከእነሱ በኋላ ያለው ሁኔታ ነው። ስለዚህ «ካገባሁ አሥር ዓመቴ» ለማለት «አይ ሃቭ ሜሪድ ፎር ቴን ይርስ» አይሆንም፤ «አይ ሃቭ ቢን ሜሪድ ፎር ቴን ይርስ» ነው። «ከመጣሁ አምስት ዓመቴ» ደግሞ በአጭሩ «አይ ሃቭ ቢን ሂር ፎር ፋይቭ ይርስ» ይሆናል። ግሱ ቅጽበታዊ መስሎ ከታያችሁ ሁኔታውን ፈልጉና በ«ቢን» አስሩት። በአሉታ ሲሆን ግን ቅጽበታዊውም ይፈቀዳል፤ አለመሆን ራሱ ይቆያልና፦ «ሂ ሃዝንት ካም ሂር ሲንስ መንዴይ»።

ይህ ከገባችሁ የቀሩት ሁለቱ ፐርፌክቶች ቀላል ናቸው፤ የሚለወጠው የቆማችሁበት ቦታ ብቻ ነው። ባለፈ ነጥብ ላይ ቆማችሁ ወደ ኋላ ስትለኩ «ሃድ»፦ ሪያድን ስትለቅ ስድስት ዓመት ሠርታ የነበረች ሴት «ዌን አይ ሌፍት ሪያድ፣ አይ ሃድ ቢን ዎርኪንግ ዜር ፎር ሲክስ ይርስ» ትላለች። ወደፊት ባለ ነጥብ ላይ ቆማችሁ ከሆነ «ዊል ሃቭ»፦ «ባይ ኔክስት ጁን፣ አይ ዊል ሃቭ ቢን ሂር ፎር ቴን ይርስ»። «ባይ» የመለኪያውን ጫፍ ትጠቁማለች።

ለመለማመድ የመጽሐፍ መልመጃ አትፈልጉ። የራሳችሁን ሕይወት ያዙ፦ የምትኖሩበት ቤት፣ ሥራችሁ፣ ትዳራችሁ፣ የቅርብ ወዳጃችሁ፣ የምትማሩት ትምህርት። ለእያንዳንዱ አንድ በ«ፎር»፣ አንድ በ«ሲንስ» ጻፉና ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡ። ቀጥሎ የለቀቃችሁትን ቤትና የተዋችሁትን ሥራ በፓስት ሲምፕል ጻፉ፣ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጡ። ከዚያ ሰው «ሃው ሎንግ ሃቭ ዩ...» እያለ እንዲጠይቃችሁ አድርጉ፤ ጥያቄው ውስጥ የሰማችሁት «ሃቭ» መልሳችሁ ውስጥ መመለስ አለበት።

ሲቪ ያላችሁ ደግሞ ዛሬውኑ አውጥታችሁ እዩት። ሥራ በቀየራችሁ ቁጥር አንድ ዓረፍተ ነገር ያረጃል። ትናንት «ሃቭ ማኔጅድ ዘ ስቶር ፎር ፎርቲን መንዝስ» ይል የነበረው፣ ከለቀቃችሁበት ቀን ጀምሮ «ሃቭ»ን አውጥቶ «ማኔጅድ» ብቻ መሆን አለበት፤ አዲሱ ሥራ ደግሞ በራሱ «ሃቭ» እና በራሱ «ሲንስ» ከላይ ይገባል።