ጉፍ እና ነፈሽ፦ ሰው በምን ይታወቃል?

ውድ የኡልፓን ጓደኞቼ፣ የዛሬውን ትምህርት ያገኘሁት ከቴሌቪዥን ነው። በዕብራይስጥ አካል «ጉፍ»፣ ነፍስ «ነፈሽ»፣ መለወጥ «ለሃኽሊፍ» ይባላል። ነፈሽ እንኳ የእኛዋ ነፍስ ናት፣ አትከብድም።

«ስታር ትሬክ» የሚባል የአሜሪካ ተከታታይ ፊልም አለ፤ እዚህ አገር «ማሳ ቤን ኮኻቪም» ይሉታል፣ በከዋክብት መካከል ጉዞ ማለት ነው። የመጀመሪያው ተከታታይ የመጨረሻ ክፍል በአውሮፓ አቆጣጠር ሰኔ 3 ቀን 1969 ታየ። በዚያ ክፍል ጃኒስ ሌስተር የምትባል ሴት የመርከብ አዛዥ ለመሆን ተመኝታ፣ በጥንታዊ መሣሪያ ነፍሷን ወደ ካፒቴን ከርክ ገላ፣ የእሱን ወደ እሷ ታዛውራለች። እንዲህ ያለ መሣሪያ በእውነት የለም።

ሰዉ ሁሉ መልክ አይቶ እሷን «ካፒቴን» ይላል። እውነተኛው ከርክ በሴት ገላ ሆኖ ሲናገር እብድ ነች ይባላል። ጓደኛው ስፖክ ግን ጠየቀው። ከርክም አብረው ያለፉትን ነገረው። ስፖክ ይሄ በመዝገብ አለ፣ ሌላም ሊያውቀው ይችላል ብሎ በአሳቡ አሳቡን አየና አመነ።

እኔን የነካኝ እዚህ ላይ ነው። በአገሬ ሽምግልና ተቀምጬ ሰው አስታርቅ ነበር። እዚህ ሐኪም ፊት የምትናገርልኝ ልጄ ናት፤ ሐኪሙም የሚያየው እሷን እኮ ነው።

ለመልመጃ፦ «ዜ ሎ ሃጉፍ ሸሊ»፣ ይህ የእኔ አካል አይደለም። ጉፍ በወንድ፣ ነፈሽ በሴት ጾታ ይነገራል። በከርክ ላይ ግን ተገላብጦበት ነበር።