ያረጀ የዐፈር ግድብ ጠባይና ጥበቃው

የጅቡቲን ወደብ የሚያውቅ ሁሉ የአምቡሊን ሸለቆ ያውቀዋል። ይህ ሸለቆ በከተማው በኩል አልፎ ወደ ባሕር የሚወርድ፥ በዓመቱ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ አሸዋና ጠጠር ብቻ የሚታይበት ደረቅ የወንዝ መንገድ ነው። በአገሩ የሚዘንመው ዝናም በአማካይ በዓመት ከ200 ሚሊ ሜትር ያነሰ ስለ ሆነ፥ ጎርፍን የሚፈራ ሰው ብዙ አይደለም። ይሁን እንጂ በፈረንጆች አቆጣጠር በ2004 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር ይኸው ደረቅ ወንዝ ሞልቶ ከ50 የሚበልጡ ሰዎችን ገደለ፤ በ2019 ዓ.ም. በኅዳር ወርም ከተማው እንደ ገና በጎርፍ ተጥለቀለቀ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

እንዲህ ባለ ስፍራ የሚሠራ የዐፈር ክትር ወይም ግድብ አስቸጋሪ ጠባይ አለው። ውኃ በሌለበት ወራት ሰው መንሸራሸሪያ፥ ልጆች መጫወቻ፥ እረኛም ማሳለፊያ ያደርጉታል። ሣር ሲበቅልበት ኮረብታ ይመስላል፤ ኮረብታን ደግሞ ማንም አይጠብቅም። ነገር ግን የተፈጥሮ ኮረብታ አይደለምና በየዓመቱ ያረጃል። ሸክላነት ያለው ዐፈር በፀሐይ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ጃርትና አይጥ ይቈፍሩታል፤ የደረቀ ዛፍ ሥር ሲበሰብስ በውስጡ ቀዳዳ ይተዋል። የመጀመሪያው ጎርፍ የሚገባው በዚህ ስንጥቅ ነው። ስለዚህ በደረቅ አገር ያለ ግድብ ሁልጊዜ ውኃ ከሚይዘው ይልቅ ብርቱ ምርመራ ያስፈልገዋል።

ግድብን ለመዝናኛ ማዋል የሚያመጣውን ጉዳት ለማስረዳት በአሜሪካ በፔንሲልቫንያ አገር የነበረው የሳውዝ ፎርክ ግድብ ይበቃል። ግድቡ በ1853 ዓ.ም. ለመርከብ መሄጃ ቦይ ውኃ እንዲያከማች ተሠርቶ ተፈጸመ፤ ቈይቶም የባለጸጎች የዓሣ ማጥመጃ ማኅበር ገዛው። ከግርጌው ውኃ የሚለቁት የብረት ቧንቧዎች ቀድሞ ተነቅለው ተሸጠው ነበር። ማኅበሩም ሠረገሎች እንዲተላለፉበት የግድቡን ራስ ዝቅ አድርጎ አሰፋው፤ ዓሣዎቹ እንዳያመልጡ ትርፉ ውኃ በሚወጣበት በር ላይ ወንፊት አኖረ። በግንቦት 31 ቀን 1889 ዓ.ም. ብርቱ ዝናም በዘነመ ጊዜ ወንፊቱ በግንድና በቅጠል ተደፈነ፤ ውኃውም በግድቡ ራስ ላይ ፈሰሰ። የዐፈር ግድብ በራሱ ላይ ውኃ ሲፈስበት ብዙ አይቆምም። ከበታቹ ባለችው በጆንስታውን ከተማና በአካባቢዋ ከ2200 በላይ ሰዎች አለቁ። ዓሣ ለማዳን የተዘረጋ ወንፊት ይህን ያህል ነፍስ ለማጥፋት አገዘ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ይህ የጥንት ታሪክ ብቻ አይደለም። እንደ ጅቡቲ በደረቅ ሸለቆ አፍ በተቀመጠችው በሊቢያ ወደብ በደርና፥ በ1970ዎቹ ዓመታት የተሠሩ ሁለት ግድቦች በመስከረም 2023 ዓ.ም. በአንድ ሌሊት ፈርሰው በሺሕ የሚቈጠር ሕዝብ ወደ ባሕር ተጠረገ። አንድ የአገሩ የውኃ ዐዋቂ ግድቦቹ መጠገን እንዳለባቸው በ2022 ዓ.ም. በጽሑፍ አስጠንቅቆ ነበር።

ጠባቂው ከሁሉ አስቀድሞ ማየት የሚገባው የትርፍ ውኃ መውጫውን ነው፤ አጥር፥ ግንድ፥ ወይም የተከመረ ድንጋይ አይገኝበት። ቀጥሎ በግድቡ ራስ ላይ እየሄደ በእግርና በመንኰራኵር የጐደጐደውን ስፍራ ይመልከት፤ ውኃ የሚሻገረው በዝቅተኛው ስፍራ ነውና። ውኃ በያዘበት ወራትም በደረቁ ወገን ግርጌ ወርዶ ርጥበት ያለበትን ይፈልግ። ከዚያ የሚወጣው ውኃ ጥቂትና ጥሩ ከሆነ በየሳምንቱ መጠኑን መለካት ይበቃል። የደፈረሰ እንደ ሆነ ግን ውኃው የግድቡን ሆድ ዐፈር ይዞ እየወጣ ነው ማለት ነው፤ በዚያን ጊዜ በግርጌው ያሉ ቤቶች ወዲያው ይነገራቸው፥ መሐንዲስም ይጠራ። የግርጌው መልቀቂያ ሲከፈትም መሐንዲሱ በሚያዘው መጠን ይሁን፤ ውኃው ባንድ ጊዜ ቢጐድል በውኃ የራሰው ወገን ተንዶ ሊወርድ ይችላል።